ውዳሴ ትራይፖድ

በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ቡና እየጠጡ ስለ ካሜራ ዕቃ የሚመክሩ ወዳጆቼን እስከ ዛሬ በወጉ ሳላመሰግን መቅረቴ ያሳፍረኛል። ሌላው ሰው ፎቶ ካነሣ በኋላ በምን ላስተካክለው ብሎ ይጨነቃል፤ እነርሱ ግን ወደፊት ሊያነሡት ያሰቡትን ፎቶ የሚያስተካክሉበትን ሶፍትዌር በመምረጥ ሁለት ክረምት ፈጅተዋል።

የክርክሩ ጥልቀት ያስቀናል። ላይትሩም በየወሩ ይከፈልበታልና፣ የውጭ ምንዛሪው ከየት ይመጣል ተብሎ በአንድ ድምፅ ይወድቃል። ዳርክቴብል በነፃ ይወርዳል፤ ነፃ መሆኑ ግን ራሱ ያስጠረጥረዋል። ከዚያም አንዱ ተነሥቶ፣ ባለ 14 ቢት ራው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያስተካክል የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 ደረጃ ሲይዝ ተጨምቆ የሚቀመጠው ጄፔግ በ256 እንደሚወሰን ዳዊት እንደሚደግም ሰው ሳይደናቀፍ ይወርደዋል። ይኸው ሰው ከጥምቀት ወዲህ ያሳየን ብቸኛ ፎቶ የእኅቱ ልጅ ልደት ነው፤ እርሱም በቴሌግራም ተጨምቆ የመጣ ጄፔግ ነው።

ከሶፍትዌሩ ቀጥሎ ክርክሩ ወደ ትራይፖድ፣ ካሜራ ወደሚቆምበት ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ይዞራል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያሉ አባቶቻችንም ካርቦን ፋይበር የሚባል ጉልቻ ስላላዩ ነው እንጂ እንዲህ ባልደፈሩ ነበር። አሉሚኒየም ርካሽ ቢሆንም ይከብዳል፤ ካርቦን ግን ቀላል ነው፣ ንዝረትም ቶሎ ያበርዳል። ቀላል በመሆኑም ነፋስ እንዳይጥለው በመካከለኛው ዘንግ ላይ ድንጋይ የሞላ ከረጢት ይንጠለጠልበታል። አስተዋይ ሰው ክብደት ለመቀነስ ብዙ ብር ከፍሎ ድንጋይ ይለቅማል ማለት ነው።

ባለፈው መስከረም ከእነርሱ አንዱን ተከትዬ ጢስ ዓባይ ወርጄ ነበር። በበጋ አብዛኛው ውኃ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ፏፏቴው ግርማ የሚኖረው በክረምት መውጫ ነው፤ ወዳጄም ይህን ስለሚያውቅ የካሜራውን መዝጊያ ግማሽ ሰከንድ ከፍቶ ውኃውን እንደ ነጠላ ሊያለሰልሰው ቆርጦ ነበር። እግሮቹን አንድ በአንድ ዘረጋ፤ ጭቃው አንዱን ሲውጥበት ሌሎቹን አሳጠረ፤ በውኃ ልኩ ውስጥ ያለችው አረፋ መካከል ላይ እስክትቆም ትንፋሹን ዋጠ። በዚህ መሐል ቀስተ ደመናው ወጥቶ፣ ደምቆ፣ ጠፋ። በመጨረሻ፣ ካሜራውን ከትራይፖዱ ራስ ጋር የምታያይዘው ትንሽ ብረት ቤት መቅረቷ ታወቀ።

በእጅ ይዞ ማንሣት? እንዲህ ያለ ብልግና እርሱ ዘንድ የለም። የዕለቱ ብቸኛ ፎቶ፣ ራሱ ባዶ የሆነው ትራይፖድ ፏፏቴውን ሲመለከት የሚያሳይ ነው፤ በስልኩ ሲያነሣው እጁ ስለተንቀጠቀጠ ደብዝዟል። አሁን የስልክ ትራይፖድ በመምረጥ ላይ ይገኛል።