ድባቴና ኀዘን አንድ አይደሉም
ስለ ድባቴ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ሰው ሁሉ ያዝናል፤ ድባቴም ያው ነው፣ ጊዜ ይፈውሰዋል» ማለቱ አላስማማኝም። ኀዘንማ ዘመድ ሲመጣ፣ ጨዋታ ሲነሳ ፋታ ይሰጣል። ድባቴ ግን 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን ሳይለቅ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት አዛብቶ፣ የሚወዱትን ሁሉ የሚያስጠላ ሕመም ነው። እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ፣ ጎረቤታችን የነበሩ እናት ድባቴ ይዟቸው ሳለ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይከብደኛል» እንጂ «ከፋኝ» ብለው አያውቁም። ቡና ያለ እሳቸው አይፈላም ነበር፤ ጀበናቸው አቧራ ሲለብስ እንኳ «እርጅና ነው» ተባለ።

ድባቴ የያዘው ሰው ጠበሉንም የሐኪም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መያዝ ይችላል። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ስለሚፈጅ ግን «አልሠራልኝም» ብላችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ። ራሴን ላጥፋ የሚል ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት።