ማስተካከያ፦ 193 ሚሊዮኑ ትርፍ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ስለ አስፈሪ ፊልሞች ገበያ ስጽፍ «ፓራኖርማል አክቲቪቲ በ15 ሺህ ዶላር ተሠርቶ 193 ሚሊዮን ዶላር አተረፈ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። በፊልም ገቢ መዝገቦች የሰፈረው 193 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በዓለም ዙሪያ የተሸጠው ትኬት ጠቅላላ ገቢ ነው፤ በግምት ግማሹ ሲኒማ ቤቶች ዘንድ ይቀራል። 15 ሺውም የቀረጻ ወጪ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በየሲኒማ ቤቱ ሲታይ ለማስታወቂያና ለስርጭት የወጣው በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር እዚያ ውስጥ የለም። (የጤፉን ሽያጭ በሙሉ ትርፍ ብሎ የሚቆጥር የጎጃም ገበሬ የለም፤ መጀመሪያ የማዳበሪያውን ዕዳ ይቀንሳል።)

ደብረ ማርቆስ ላይ የዕቁብ ብር አዋጥተው ፊልም ሊሠሩ ያሰቡ ልጆች በእኔ ቁጥር ሒሳብ እንደሠሩ ነግረውኛል። ያንን ስሌት ተዉትና ከሲኒማ ቤቱ ድርሻ ጀምራችሁ እንደገና አስሉ። የቀድሞው ጽሑፍም ታርሟል።