ገዢ ሳያየው አይነካም

አክስቴ ቤት ሽንት ቤት መግባት ተከልክሏል። ለኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ለሁሉም ነው፣ ለራሷም ጭምር። አዲስ ነጭ መቀመጫ ተገጥሟል፣ ክዳኑ ላይ ያለው ላስቲክ አልተላጠም፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ሴራሚክ ሆኗል፣ ቤቱ ደግሞ ሊሸጥ ነው፣ ስለዚህ "ገዢ ሳያየው አይነካም" ተብሎ ተወስኗል። እሺ እኛስ ስላት "ከጓሮ ያሉት ጋ ሂድ፣ ነግሬያቸዋለሁ" አለችኝ። ከጓሮ ያሉት ማለት የቀበሌ ቤት ሰዎች ናቸው፣ ሽንት ቤታቸው የጋራ ነው፣ ቁልፉ ያለው አንዲት ሴትዮ ጋ ነው፣ ሴትየዋ ደግሞ ቁልፉን ከማቀበሏ በፊት ስለ ጤናህ፣ ስለ ስራህ፣ እስካሁን ለምን እንዳላገባህ ሳትጠይቅ አትለቅህም። ሰው እግሩን አጣምሮ ቆሞ ስለ ትዳር ሲጠየቅ ምን ብሎ እንደሚመልስ እስኪ እናንተ ንገሩኝ።

እኔ ከላስቲክ ጋር ድሮም አልስማማም። እዚህ ከተማ ውስጥ ሶፋ ገዝቶ ላስቲኩን ሳያነሳ ዘመኑን በሙሉ እየተንኮሻኮሸ የሚቀመጥ ሰው አለ። የሪሞት ላስቲክ አለ፣ ቁጥሮቹ ሳይታዩ ጣት በግምት ቻናል የሚቀይርበት። የመኪና ወንበር ላስቲክ አለ፣ በሚያዝያ ፀሐይ ስትነሳ ሱሪህን የሚያስቀርብህ። ለምን አታነሱትም ስትል "እንዳይቆሽሽ ነዋ!" ይሉሃል። እሺ፣ አይቆሽሽ፣ ግን ንጹህ ሆኖ ለማን ነው ሚቆየው? ቡፌ ውስጥ ተደርድረው ሰው አፍ ነክቷቸው የማያውቁት ብርጭቆዎችም እንደዛው፣ የትኛውን ንጉስ እየጠበቁ እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ብቻ ወደ ቤቱ። ከስድስት ኪሎ ወደ ቀበና ቁልቁል ሲወረድ ገባ ብሎ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ የተሰራ እንጨት በጭቃ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሳሎን መሀል ባልዲ፣ መኝታ ቤት ሳፋ፣ መተላለፊያው ላይ የወተት ጣሳ ይቀመጣል፣ እንግዳ ሲመጣ ባልዲውን ዞሮ የሚሄድበት መንገድ ሁሉ የተለመደ ነበር። አጎቴ ነፍሱን ይማረውና "ይቺን ጣሪያ እናስጠግናት" እንዳለ ነው ያረፈው። መልሱ ሁሌ "መስከረም ይጥባ" ነበር። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ያቆማል፣ ዝናቡ ካቆመ ጣሪያው አያፈስም፣ የማያፈስ ጣሪያ ላይ ደግሞ ማን ጤነኛ ሰው ብር ያወጣል? እንዲህ እንዲህ እያለ ስንት መስከረም ጠባ። ከዛ ባለፈው ደላላው መጣ፣ ሳሎኑ መሀል ቆሞ ቀና አለና "ማዘር፣ ይሄ ጂፕሰም ይፈልጋል" አላት። በቃ። ቆርቆሮው ተቀየረ፣ አቡጀዲው ወረደ፣ ጂፕሰም ሆነ፣ ባሏ እድሜ ልኩን ለምኖ ያላገኘውን ደላላ በአንድ ዓረፍተ ነገር አገኘው። ጂፕሰሙ ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት አለው፣ ማታ ሲበራ ሳሎኑ የቦሌ ጭፈራ ቤት ይመስላል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቅዱስ ሚካኤል ሳይቀር ሰማያዊ ሆኗል።

ይሄን ቤት የሚገዛው ሰው ምን እንደሚያደርገው ግን ሁላችንም እናውቃለን። ያፈርሰዋል። ገና የስም ማዛወሩ ቀለም ሳይደርቅ ያፈርሰውና ጂ ፕላስ ምናምን ያቆምበታል፣ ሰፈሩ ውስጥ የተሸጠ ቤት ሁሉ የሆነው ይሄው ነው። አክስቴ ታውቃለች፣ ደላላው ያውቃል፣ ቀለም ቀቢው እንኳን ሁለተኛውን እጅ ቀብቶ ሲጨርስ "ሶስተኛ እጅ አያስፈልገውም፣ ያው ሊፈርስ አይደል" ብሎ ሮለሩን አጠበ። ታዲያ ምን ሆነን ነው ሊፈርስ የተቃረበ ቤት የምንኳኩለው?

ብዙ አሰብኩበትና መልሱ ህገ መንግስቱ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ አክስቴ መሬት አትሸጥም፣ ቤት ነው ምትሸጠው። ገዢው ያን ሁሉ ሚሊዮን የሚከፍለው፣ በወረቀት ደረጃ፣ ለዚህ ጭቃና ለዚህ ባህር ዛፍ ነው። ጭድ የተቦካበት ግድግዳ ለዛ ብር የሚመጥን መልክ ሊኖረው ይገባላ! ሻጭ ቤት እንደሚሸጥ ይሆናል፣ ገዢ ቤት እንደሚገዛ ይሆናል፣ ደላላው መሀል ቆሞ ሁለት ፐርሰንት ከዚህ ሁለት ፐርሰንት ከዛ ይላል፣ ስለ መሬቱ ማንም ምንም አይናገርም፣ ሁሉም ግን በዓይኑ የሚለካው መሬቱን ነው። ጂፕሰሙ ለዚህ ትያትር መጋረጃ ነው።

ከጓሮ ያሉት ያልኳችሁም የዚሁ ታሪክ ቁራጭ ናቸው። ሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ተብሎ ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ ሄደ፣ ከዛ በላይ ያለው ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግስት መስሪያ ቤት። የአጎቴ አባት ከጓሮ ሰርቪስ ቤቶች ሰርተው ያከራዩ ነበር፣ እነሱ ሄዱ፣ ሽንት ቤቱም አብሮ ሄደ። አሁን እኔ የአጎቴ አባት ባስቆፈሩት ጉድጓድ ለመጠቀም ስለ ትዳሬ ቃል ስሰጥ እገኛለሁ። ተከራዮቹ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ እንዲያውም እነሱ ግድግዳቸውን እንኳን ልለስን ቢሉ ፈቃድ ጠይቀው ነው፣ የኛዋ ግን የራሷ ቤት፣ የራሷ ካርታ፣ የራሷ ጣሪያ ሆኖ መስከረም ስትጠብቅ ኖረች።

የሴራሚኩን ነገር ካነሳሁ አይቀር የሚያንገበግበኝን ልናገር። ከመርካቶ በአይሱዙ አስጭነን መጣን፣ የአክስቴ ልጆችና እኔ ሸሚዛችንን ጠቅልለን ልናወርድ ስንል የሰፈር ልጆች ከየት መጡ ሳንል ከበቡን። "ማውረድ የኛ ነው።" አይ፣ ራሳችን እናወርዳለን፣ ይኸው ወንድ ሞልቷል። "ችግር የለም አውርዱ፣ ግን ሂሳቡን ክፈሉን።" ልብ አድርጉ፣ ላልነኩት እቃ! ተጨቃጨቅን፣ ሹፌሩ "ክፈሏቸው እኔ መሄድ አለብኝ" አለ፣ ከፈልን፣ ከዛ እኛ ካርቶን ተሸክመን ስንመላለስ እነሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩናል፣ አንዱማ "ቀስ በሉ ብራዘር፣ እንዳይሰበር" ብሎ መከረኝ። ይሄን እንደ ቀልድ አውርቼው ሰው ሲስቅልኝ እኔም አብሬ ስቄያለሁ፣ ግን አያስቅም። ስራ ያጣ ወጣት ነው ትሉኛላችሁ፣ ይገባኛል፣ ስራ ያጣ ሰው ስራ ይሰጠዋል እንጂ ላለመስራቱ አይከፈለውም። እቃ ሳያነሱ የማንሻ የሚከፈልበት ከተማ ውስጥ ላቡን ጠብ አድርጎ የሚያነሳው ሰው ምን ይባላል?

ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላል ያገሬ ሰው፣ ከተረቶች ሁሉ እሱን የሚያክልብኝ የለም፣ ስናደድም ስደሰትም እሱን ነው ምተርተው። አስተውላችሁት እንደሆነ ግን ተረቱ ውስጥ ዛፉን የቆረጠው ሰውዬ አንድም ክፉ ቃል አልተነገረውም። መጥረቢያ ይዞ ሰው ደጅ ገብቶ፣ ቆርጦ፣ ተሸክሞ ሲሄድ ማንም ሌባ አላለውም፣ ስም የወጣለት ዛፉ የተቆረጠበት ነው! ቆራጩማ ጨዋ ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ "እንደምን አደራችሁ" ብሎ ነው የሚጀምረው።

የኔዋም እንደዛ ነበረች፣ የድሮ አከራዬ። ካዛንቺስ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ግድግዳው የተላጠ ነበር፣ በራሴ ብር አስለሰንኩ፣ ቀለም አስቀባሁ፣ ሲንክ አስገጠምኩ። እሷ ሻይ ይዛልኝ እየመጣች "እጅህ ይባረክ፣ ቤቱን ቤት አደረግከው" ትለኝ ነበር። ሲንኩ ገና ውሃ ሳይጠግብ "ልጄ፣ አንድ ነገር ላማክርህ ነበር፣ ቤቱን ልንሸጠው ነው" አለችኝ፣ እንባም ቢጤ ነበራት። አዘንኩላት እላችኋለሁ! እቃዬን ጭኜ ወጣሁ። ቤቱ መቼ ተሸጠ፣ ለሌላ ሰው በእጥፍ ተከራየ፣ "አዲስ የታደሰ፣ ሲንክ ያለው" ተብሎ። ያኔ እኔ የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም። በ2016 የኪራይ አዋጅ ወጥቶ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው ሲባል ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው፣ ከኔ በኋላ የሚከራዩትን ሁሉ ቀናሁባቸው። በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ያ ቤትም ሄደ፣ ሲንኬም አብሮ፣ ቂሙ ግን ካሳ ሳይከፈለው እስካሁን አለ። ለዚህ ነው "ልንሸጠው ነው" የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ቀለም የሚሸተኝ።

የት ነበርኩ፣ አዎ፣ ደላላው። ደላላው ቤቱን በቲክቶክ ለቆታል። ሞባይሉን ደረቱ ላይ አድርጎ እየዞረ ሲያወራ ሳሎኑ የመስቀል አደባባይን ያክላል። "ከዋናው አስፓልት ገባ ብሎ" ይላል፣ ይሄ "ገባ ብሎ" የሚሉት ነገር ርቀት የለውም፣ ገባ ብሎ ማለት የፈለግከውን ያህል ትሄዳለህ ማለት ነው። "ለኑሮም ለኢንቨስትመንትም አመቺ፣ ጨዋ ሰፈር፣ ዋጋ በውስጥ መስመር።" ጨዋ ሰፈር ሲል እነዛ ሳያወርዱ ያስከፈሉን ልጆች ከኋላው ግንቡ ላይ ተቀምጠው በቪዲዮው ይታያሉ።

በቪዲዮው የማይታየው የጓዳው መኝታ ቤት ግድግዳ ነው። እርጥበት አለበት፣ ከስር እየመጣ ስለሆነ ምን ቢቀባ በጥቂት ቀን ሻጋታው ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል። ቀለም ቀቢው ከስሩ ተፈልፍሎ ይሰራ ቢል "ገንዘብ ማባከን ነው" ተባለና ቁምሳጥን ተጠጋበት። እኔ እዚህ ጋ አልቻልኩም፣ "እትዬ፣ ለሰውየው መናገር አይሻልም? እንዲህ ደብቆ መሸጥ ነውር አይደለም ወይ?" አልኳት። "አንተ ልጅ ምን ሆነሃል፣ ሊያፈርሰው አይደል እንዴ!" አለችኝ። እንግዲህ ለሽንት ቤቱ ሲሆን ይኖርበታል፣ ለሻጋታው ሲሆን ያፈርሰዋል።

ገዢ ተብዬው ቅዳሜ መጣ። ደላላው "ከአሜሪካ ነው" ብሎ ስለነበር ቤቱ ተወለወለ፣ እጣን ጨሰ፣ ቡና ተፈላ፣ እንደው ለክፉም ለደጉም ተብሎ ሰማያዊው መብራት በጠራራ ፀሐይ በራ። ሰውየው የመጣው ከሳሪስ ነው። በሩ ላይ ቆመ፣ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ መንገዱ ዞረና "ሲኖትራክ ይገባል?" አለ። ከዛ አጥሩን በእርምጃ ለካ፣ ካርታው ላይ ያለው ካሬና መሬቱ ላይ ያለው አንድ ነው ወይ አለ፣ ከወንዙ ምን ያህል ይርቃል፣ ለወንዝ ዳር ልማቱ አይነካም ወይ አለ። እትዬ "ልጄ ቡናውም ደርሷል፣ ግባና ውስጡን እይ እንጂ፣ ጂፕሰም እኮ ነው" ብትለው "አይ እናቴ፣ ውስጡ አያስፈልግም" ብሎ ጫማውን አራግፎ ሄደ።

እኔማ አሁን ነገሩ ገባት፣ አረፍን ብዬ ነበር። ደላላው ሰውየውን ሸኝቶ ተመለሰ፣ ራሱን እያከከ ቆመና "ማዘር፣ ያሰናከለን የውጪው በር ነው። በሩ ስላላማረው እኮ ነው ያልገባው" አላት። አክስቴ የዛገውን በር ከላይ እስከ ታች አየችው፣ በሩም ለካ እድሜ ልኩን ዝጎ ኖሯል። "እውነትህን ነው፣ እኔም ከድሮ ጀምሮ አስጠልቶኝ ነበር" ብላ ብየዳ ሰራተኛውን እዛው በስልክ አዋራችው፣ ባለ ሁለት ተካፋች ይሁን፣ ጫፉ ወርቃማ ይሁን። ስልኩን ዘግታ ወደኔ ዞረች።

"ቀብዱን ለጊዜው አንተ ስጠው፣ ቤቱ ሲሸጥ ትወስዳለህ።"