የዳር ወንበር ይዞ ነበር

ወገኖቼ፣ የዚያን ምሽት ሳቃችሁን ይቅር ማለት አልተቻለም። ብዙዎቻችሁ ምን እንዳደረጋችሁ እንኳ ሳታውቁ ወደየቤታችሁ ስለገባችሁ፣ ነገሩ ከነዝርዝሩ ይነገራችሁ።

የሥነ ጽሑፍ ምሽት ነው። አንዲት ሴት ከሰሜኑ ጦርነት የተመለሰ ታላቅ ወንድሟን ይዛ፣ አዳራሹ ሳይሞላ ቀደም ብላ ትመጣለች። ሰውየው ገና ሲገባ በሮቹን አየ፤ ሁለት ናቸው፣ አንደኛው በትርፍ ወንበሮች ተዘግቷል። በክፍቱ በር በኩል፣ በመጨረሻው ረድፍ ዳር ላይ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀመጠ። ሊጀመር ሲል አንዱ አስተናጋጅ መጣና "ጋሼ፣ እስኪ ትንሽ ወደ መሀል ጠጋ ይበሉልን" አለው። እኅቱ ልትናገር አፏን ስትከፍት በእጁ ምልክት ከለከላት፤ ሰው ማስቸገር አልፈለገም። ጠጋ አለ። ሌሎች ሲመጡ ደግሞ ጠጋ አለ። በመጨረሻ በእሱና በበሩ መካከል ስድስት ሰው ተቀመጠ።

ወጣቱ ደራሲ አጭር ልቦለዱን ማንበብ ጀመረ። ከግንባር የተመለሰ ወታደር ነው ባለታሪኩ። ሚስቱ የድስት ክዳን ትጥላለች፤ እሱ "ተኛ!" ብሎ አልጋ ሥር ይገባል፤ ከዚያ ወጥቶ አማቱን እንደ ምርኮኛ እጇን ያሰቅላታል። ደራሲው አነባበብ ያውቅበታል፤ ክዳኑ ሲወድቅ ማይክሮፎኑን በመዳፉ መታው። ድምፅ ማጉያው ጮኸ፣ አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

ሰውየው ተነሣ። አልጮኸም፣ መሬት ላይም አልወደቀም። ፊቱን ላብ አጥምቆት "ይቅርታ፣ አሳልፉኝ" እያለ በጉልበቶቻችሁ መሀል መንገድ ፈለገ። ጉልበቱን የሰበሰበለት አልነበረም። አንዱ "ምነው፣ ታሪኩ የሱ ነው እንዴ?" አለ፤ ተሳቀ። መድረክ መሪው ይህን ሰማና በማይክሮፎን "ያለ ትእዛዝ ማፈግፈግ የለም!" አለ፤ ይኼኛው ሳቅ ከሁሉም ባሰ። እኅቱ ቦርሳዋን እዚያው ጥላ ተከተለችው። እናንተም አጨበጨባችሁ።

ያልደረሰበት ግልግል ያውቃል፤ እናንተ ግን ለመገላገል እንኳ አልሞከራችሁም፣ በቁስሉ ላይ እንጨት ሰደዳችሁበት እንጂ። ያ ሰው እኮ ራሱን እያስታመመ ነበር። ቀድሞ መምጣቱ፣ በር ማየቱ፣ ግድግዳ መደገፉ፣ ሁሉም ሁለት ሰዓት ከሰው ጋር ለመቀመጥ የከፈለው ዋጋ ነው። ወንበሩን ወሰዳችሁበት፤ ቀጥሎ ሳቃችሁበት።

ለምን እንደምንስቅ ግልጽ ነው። አጭር ልቦለዶቻችንና የሬዲዮ ድራማዎቻችን ለተመላሽ ወታደር ሁለት ልብስ ብቻ ነው የሰፉለት፤ ወይ ፎክሮ የሚገባ ጀግና ነው፣ ወይ ቡትቶ ካፖርት ለብሶ አውቶቡስ ተራ ላይ ለብቻው የሚያወራ እብድ። በሁለቱ መሀል ያለውን፣ ጠዋት ተነሥቶ ሥራ የሚሄደውን፣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍለውን፣ ሌሊት ግን የማይተኛውን ሰው አንጽፈውም። ካልጻፍነው ደግሞ መንገድ ላይ ስናየው አናውቀውም። በዚህ የደራሲውም የአንባቢውም የአርታኢውም እጅ አለበት፤ ይህን የምንጽፈውም ከዚያ ማዕድ የበላን ነን።

ሐኪሞች ፒቲኤስዲ የሚሉት ይህ ከአስደንጋጭ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ልቦለዶቻችን ውስጥ እንዳለው አይደለም። ሁልጊዜ የሚቀሰቅሰው ተኩስ አይደለም፤ የናፍጣ ሽታ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ፣ የመገናኛ ሬዲዮ ሽሽሽ የሚል ድምፅ፣ አንዳንዱን ደግሞ የጥብስ ሽታ ነው። የሥጋውን ነገር የሚያውቅ ደራሲ ባለታሪኩን ሠርግ ቤት ወስዶ ሥጋ መብላት እንዳቃተው ብቻ ያሳየናል፤ አልጋ ሥር ማስገባት አያስፈልገውም። ትዝታው ሲመጣም እንደ ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይፈስም። ቁርጥራጭ ነው፤ አንድ ጫማ፣ አንድ ድምፅ፣ የአቧራ ጣዕም። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጆሮ ይደፈናል። ከሴኮንዶች እስከ ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። አብዛኛው ቀን ግን ሌላ ነው፤ ዜና ሲጀምር ከክፍሉ መውጣት፣ ልጅን ማቀፍ አለመቻል፣ በሆነ ባልሆነው መቆጣት፣ የበሩን መቀርቀሪያ ሌሊት ደጋግሞ ማየት። ሚስትየዋ "ተቀይሯል" የምትለው ይህን ነው፤ በታሪኮቻችን ውስጥ ደግሞ ከእሷ የምንሰማው ጩኸት ብቻ ነው።

ጥፋተኝነትም አለ፤ እሱን ጨርሶ ዘልለነዋል። ብዙውን ሌሊት የሚያስነሣው የገደለው ሰው ብቻ አይደለም፤ ቁስለኛ ጓዱን ጥሎ ማፈግፈጉ ነው። አሁን የመድረክ መሪውን ቀልድ መልሳችሁ አስቡት።

ጊዜውንም እናዛባለን። ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ ባሉት ሳምንታት አለመተኛትና መበርገግ በብዙ ሰው ላይ ይታያል፤ በብዙዎቹም ላይ በራሱ ይረግባል። ከ1 ወር ካለፈና ኑሮን ካወከ ነው ሕመሙ የሚጠረጠረው። በአንዳንዱ ላይ ደግሞ ከ6 ወር በኋላ፣ ሁሉም "ደህና ገባ" ካለ በኋላ ጎልቶ ይወጣል። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱ በአንዳንዱ ቤት የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሰው እንዲህ ትዝታው ሲይዘው ብታዩ ከኋላ መጥታችሁ አትያዙት፣ አትክበቡት፣ ውሃ አትድፉበት። ፊት ለፊቱ፣ ክንድ በማይደርስበት ርቀት ሁኑና በስሙ ጥሩት። በዝግታ "እገሌ ነኝ፣ ያለነው ቤት ነው፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው" በሉት። የሚያያቸውን አምስት ነገሮች እንዲጠራ ጠይቁት፤ እግሩን መሬት ላይ ጫን እንዲያደርግ ንገሩት። መውጫውን ልቀቁለት። በቅዠት ሲጮህ ደግሞ እየነቀነቃችሁ አትቀስቅሱት፤ ሳይነቃ ሊማታ ይችላል፣ በኋላም በኃፍረት ከሚስቱ አልጋ ይለያል። መብራት አብርታችሁ፣ ከበሩ አጠገብ ሆናችሁ ተጣሩ።

አረቄ ያስተኛል፤ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ያነቃል፣ ሕልሙንም ያከብደዋል። ጫት እንቅልፉን ጭራሽ ይወስደዋል። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዲያዜፓም ፍርሃቱን ለሰዓታት ይሸፍነዋል እንጂ ሕመሙን አያክመውም፤ ሱስም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ከሚያዝዛቸው እንደ ሰርትራሊን ያሉት መድኃኒቶች ለውጣቸው የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ግን በሁለተኛው ሳምንት፣ ማቅለሽለሹ ገና ሳይለቅቅ፣ "አልሠራልኝም" ብሎ ያቆማል። ከሁሉ የተሻለው በሠለጠነ ባለሙያ፣ በንግግር የሚሰጠው የሥነ ልቦና ሕክምና ነው፤ በተለምዶ በሳምንት አንዴ፣ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ። ከአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ራቅ ላለ ሰው ባለሙያውን ማግኘት ይከብዳል፤ ቢሆንም በጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን ኪሱ ይያዝ። በገመድ አስሮ መውሰድ ግን፣ አንዴ ተይዞ ለነበረ ሰው፣ ዳግመኛ ምርኮ ነው።

ይህ የመጀመሪያችን ቢሆን ኖሮ ባለማወቅ ነው ይባል ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከነትዝታው ወደየመንደሩ ተሸኘ። ጥቂት የማይባሉት በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው ለመኑ፤ እኛም ሳንቲም ሰጥተን ስማቸውን ሳንጠይቅ አለፍን። ልጆቻቸው ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ አባታቸው ለምን በሩን እንደዚያ ይፈትሽ እንደነበር እስካሁን የነገራቸው የለም። ከ1990 እስከ 1992 ከባድመና ከዛላምበሳ ለተመለሱትም የተሻለ አላደረግንም። ይኸው ሦስተኛው ትውልድ ገባ።

ይህ ሁሉ ተጽፎ ስንቱ ይሰማል? ጥቂት። ደራሲው ግን ወጣት ነው፣ ጆሮም አለው። ሠርግ ቤቱን፣ የናፍጣውን ሽታ፣ ሚስትየዋን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ስትናገር ይጻፍልን፤ የሚያስቅም ካለበት ያስቀን፣ ወታደሮች ራሳቸው በራሳቸው ይስቃሉና። የምሽቱ አዘጋጆች ደግሞ የተዘጋውን በር ክፈቱ። ዳር የተቀመጠን ሰው አትግፉ። ተኩስ ወይም ድንገተኛ ድምፅ ያለበት ጽሑፍ ሲኖር አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ማይክሮፎን መምታቱንም ተዉት። ሰው ሲነሣ ጉልበታችሁን ሰብስቡ። አንዱም ብር አያስወጣም፤ ለዘንድሮ ይህ ከተደረገ ይበቃናል፣ ሌላውን ለከርሞ እንጠይቃችኋለን።