ሳትለኩ ፖምፓ አታውርዱ!

ኧረ በፈጠራችሁ! ጠዋት አልነሳ ያለ ማሽን ሁሉ ናፍጣ ገፍቶ የሚልከው ፖምፓው አይወርድም!

ብርዱ ከገባ ወዲህ ስልኬ ገና ሳይነጋ መጮህ ይጀምራል። ኤክስካቫተሩ አልነሳም አለ፣ ሎደሩ ነጭ ጭስ ብቻ ይተፋል፣ ግሬደሩ ያዞራል ግን አይዝም። መደወላቸው አያናድደኝም፤ እንጀራዬ ነው። የሚያበግነኝ እኔ ጋ ከመደወሉ በፊት የተሠራው ሥራ ነው። ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው ኖዝል ተፈቷል። ፖምፓው ወርዶ ለካሊብሬሽን (ልኩ እንዲስተካከል) አዲስ አበባ ሄዷል። ባትሪ ተገዝቷል። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ተፈትቶ ተገጥሟል። አንዳንዱ ጋማ "የፒስቶኑ ፋሻ አልቋል፣ ሞተር ይውረድ" ተብሎ የዋጋ ድርድር ተጀምሯል። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያነሳ ሰው ግን የለም።

እኔ የምሠራው ደብረ ብርሃንና መንዝ አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ መሃል ሜዳ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ህዳርና ታህሳስ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይቀጣጠልም። አየሩን አፍኖ በማጋል ነው ናፍጣውን የሚያቃጥለው። ናፍጣው በራሱ እሳት እንዲይዝ ደግሞ አየሩ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መጋል አለበት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ብረቱ ቀዝቅዟል፣ ዘይቱ ወፍሯል። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ደህና የሚባል ባትሪ እንኳ ከማዞር አቅሙ ሲሶ ያህሉን ያጣል።

ለዚህ ነው ማሞቂያ የተገጠመለት! አንዱ ሞተር ላይ በየሲሊንደሩ የገባ ግሎው ፕላግ ነው፤ ሌላው ላይ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው ቧንቧ (ማኒፎልድ) ላይ የተቀመጠ ሂተር። ሁለቱም የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው። ታዲያ ንጋት ላይ እምቢ ብሎ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው የሚነሳ፣ ቀኑን ሙሉ ጉልበቱ ሙሉ የሆነ ማሽን ሲገጥማችሁ እጃችሁ ለምን መጀመሪያ ፖምፓ ላይ ያርፋል? አዎ፣ ኮምፕሬሽኑ (አየሩን የማፈን አቅሙ) የደከመ ሞተርም በብርድ ያስቸግራል። አልክድም። ግን ማሞቂያው መሥራት አለመሥራቱ በደቂቃዎች ይታወቃል። ሞተር ማውረድ ስንት ቀን እንደሚፈጅና ስንት ብር እንደሚበላ ባለቤቶቹን ጠይቁ።

ጭሱንም በደንብ እዩት። ጠዋት ሲያዞር የሚወጣው ነጭ ጭስ ዓይን የሚያቃጥልና ናፍጣ ናፍጣ የሚል ከሆነ፣ ናፍጣው ገብቷል ማለት ነው። ገብቷል፣ ግን አልነደደም። ይህን እያዩ "ፖምፓው አይረጭም" ሲሉኝ ጨጓራዬ ይላጣል።

በቅርቡ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኤክስካቫተር ነው፣ 24 ቮልት፣ ማኒፎልድ ላይ ሂተር ያለው። ፖምፓው ሄዶ ተመልሷል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ያው ነው። "ማሞቂያውን አይታችኋል?" አልኩ። "አዎ፣ ሪሌው ይሠራል፣ ጠቅ ይላል" አሉኝ። "መብራትም አገናኝተን አይተናል፣ ይበራል።"

ይሄ ነው አንጀቴን የሚያሳርረኝ። ሪሌ ትልቁን ከረንት ወደ ሂተሩ የሚያሳልፍ ማብሪያ ነው፤ ጠቅ ማለቱ የሚነግራችሁ ማግኔቱ (ኮይሉ) መሳቡን ብቻ ነው። ከረንቱን የሚያሳልፈው ኮንታክት ይቃጠል አይቃጠል ጆሮ አያውቀውም። የመሞከሪያ አምፖልም ብትሆን የምትፈልገው ኢምንት ከረንት ነው፤ ተበጣጥሶ አንድ ክር በቀረው ሽቦም ትበራለች። ሂተሩ ግን መቶ አምፔር አካባቢ ይስባል። ስለዚህ የሚለካው ሂተሩ ተገናኝቶ፣ ጭነቱን ተሸክሞ እያለ ነው። ሽቦውን ነቅላችሁ ጫፉ ላይ 24 ቮልት ብታነቡ ምንም አላወቃችሁም።

ለካን። ማሽኑ እንደቆመ ባትሪው 25.1 ቮልት። ቁልፉ ወደ ማሞቂያ ሲዞር 24.2። ጥሩ። ሂተሩ ጫፍ ላይ ግን 14.0! አሥር ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። አንዱን የቴስተር እግር የሪሌው መግቢያ ቡሎን ላይ፣ ሌላውን መውጫው ላይ አደረግሁ። ማሞቂያው እንደበራ 9.6 ቮልት። ደህና ሪሌ ላይ ይህ ቁጥር ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው የሚሆነው። ሪሌው ሲፈታ ኮንታክቱ ከስሏል፣ መሃሉ ቀልጦ ጎድጉዷል። ቮልቱ እንዲህ ሲወርድ ደግሞ ሙቀቱ በዚያው ልክ አይደለም የሚቀንሰው፤ ይብሳል። በ14 ቮልት ያ ሂተር የሚሰጠው ሙቀት ሊሰጥ ከሚገባው ሲሶ ገደማ ነው። ሰውየው ፖምፓ ያሠራው፣ በሰዓት የሚከራይ ማሽኑን ገትሮ የከረመው፣ በእጅ መዳፍ በምትያዝ ሪሌ ምክንያት ነው። ፊቱን ሳይ አዘንኩለት።

ሌላው በሽታ "ዳይሬክት" የሚሉት ነው። ማሞቂያውን በሰዓቱ የሚያጠፋው ታይመር ወይም ሪሌው አስቸገረ ሲባል በቀጭን ሽቦ ከባትሪ ቀጥታ ወደ ግሎው ፕላግ ይስቡና ጋቢና ውስጥ አንዲት ማብሪያ ይሰቅላሉ። ፊውዝ የለ፣ ሰዓት የሚቆጥር የለ። ኦፕሬተሩ እስኪነሳለት ተጭኖ ይቆያል። ፕላጉ ከልኩ በላይ ይግላል፣ ጫፉ ያብጣል። በኋላ ሊፈታ ሲል ይሰበርና ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ይቀራል። ያኔ በእውነትም ቴስታታው ይወርዳል! አንዳንዱ ጭራሽ የ12 ቮልት ፕላግ ገዝቶ 24 ቮልት ይለቅበታል። ፕላጎቹን መለካት እኮ ከባድ አይደለም። የሚያገናኛቸውን ብረት ፍቱት፤ አለበለዚያ ሁሉም አብረው ነው የሚነበቡት። ከዚያ አንድ በአንድ በኦም ለኩ። ደህና የ12 ቮልት ፕላግ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ኦም በታች ነው። ጭራሽ የማያነብ ከሆነ ሞቷል።

ኮምፒውተር ያላቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ የሙቀት ሴንሰሩን የሚያስታውሰው የለም። ሴንሰሩ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ሽቦው ተልጦ ማሳ (የማሽኑን ብረት) ከነካ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የጋለ ይመስለዋል፤ ማሞቂያውንም አያዝም። ሌሊቱን ሜዳ ላይ ያደረ ማሽን ሞኒተሩ ላይ ሞቃት ነኝ ካለ እዚያው ቁሙ። ሌላ ነገር አትፍቱ።

ሞተር ለማስነሳት ወደ አየር መግቢያው ስለሚነፋው ኤተር ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ማሞቂያ ያለው ሞተር ላይ ኤተር አትንፉ! ሂተሩ ወይም ፕላጉ ግሎ እያለ ኤተር ከገባ ያለ ጊዜው ይፈነዳል። ፋሻ ይሰብራል፣ ፒስቶን ይሰነጥቃል፣ የነፋውንም ሰው ፊት ያቃጥላል። ከዘይት ቋቱ ስር እሳት ማንደዱም እንደዚያው ነው። ዘይትና ናፍጣ የጠጣ ማሽን ስር እሳት! ቢተርፍ እንኳ የሽቦው ልባስ ይቀልጥና ለሌላ ብልሽት ይዳርጋል። ኦፕሬተሮቹ ላይ አልፈርድም። ፎርማኑ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ራሳቸው ላይ ቆሞ "አስነሳ! አስነሳ!" ይላቸዋል፤ ያገኙትን ይሞክራሉ። የምወቅሰው ባለሙያ ነኝ ብሎ ብር ተቀብሎ ሳይለካ የሚፈታውን ነው። ቴስተር እኮ የአንድ ኖዝል ዋጋ እንኳ አያወጣም።

ባለቤቶችም ስሙኝ። ሁለት ባትሪ ተያይዞ 24 ቮልት በሚሰጥበት ማሽን ላይ አንዱን ብቻ አትቀይሩ። የደከመው አዲሱንም ይዞት ይወርዳል። ባትሪ ከመግዛታችሁም በፊት የማሳው ገመድ የታሰረበትን ቦታ አስፈትታችሁ እዩ። ሻንሲው ቀለም ሲቀባ አብሮ ተቀብቶ፣ ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ ስንቴ አይቻለሁ!

እና ነገ ጠዋት ስትደውሉልኝ "አልነሳም አለ" ብላችሁ አትዝጉት። ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል ወይስ ይጎተታል? ሲያዞር የሁለቱ ባትሪዎች ድምር ከ19 ቮልት በታች ይወርዳል? ጭስ አለው? ምን ይሸታል? ማሞቂያው ሲበራ ሂተሩ ጫፍ ላይ ስንት ቮልት አለ? እነዚህን ይዛችሁ ደውሉ። ፖምፓውን ግን እባካችሁ ባለበት ተዉት፤ እኔ እስክደርስ ድረስ ቁልፍ አታስነኩት።