ሃያ ስድስት ዓመት የፈጀውን በሁለት ዓመት አምጡ ማለት

ሰሞኑን ደሴ ላይ በተካሄደ አንድ የምርምር ግምገማ የተላለፈው ውሳኔ ያንገበግባል። የሆርሞንና የኒውሮፔፕታይድ (የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚያስተላልፉበት ፔፕታይድ) ጥናት በሁለት ዓመት ውስጥ በዕቅዱ ላይ የሰፈረውን ውጤት ካላሳየ በጀቱ ይዘጋል ተባለ። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዘው ፍሪጅም አይገዛም፣ ናሙናው በአይስ ቦክስ አዲስ አበባ ይላክ ተባለ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ "ሆርሞን ለወሎ ቅንጦት ነው" የሚል አስተያየትም ታከለበት።

"ናሙናው ይላክ" ያለ ሰው ፔፕታይድ፣ ማለትም አሚኖ አሲዶች ተያይዘው የሚሠሩት አጭር ሰንሰለት፣ የያዘ ቱቦ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ኤሲቲኤችን እንውሰድ፤ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ የምታመነጨው፣ ከኩላሊት በላይ ያለውን አድሬናል እጢ የሚያዝ ሆርሞን ነው። ደሙ የሚቀዳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ ወደ ማታ ሆርሞኑ በተፈጥሮው ስለሚወርድ ሰዓቱ ከተዛባ ንጽጽሩ ሁሉ ይበላሻል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለበት የፕላስቲክ ቱቦ ይቀዳል፤ ብርጭቆ ከሆነ ሆርሞኑ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ቱቦው ወዲያው በረዶ ውስጥ ይገባል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በ4 ዲግሪ በሚሠራ ሴንትሪፊውጅ (ደሙን አሽከርክሮ በሚለይ ማሽን) የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ፕላዝማው፣ ይለያል፣ በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ ይቀዘቅዛል። ሲሪንጁ በኃይል ተስቦ ቀይ የደም ሴሎች ከፈነዱ ከውስጣቸው የሚወጣው ኢንዛይም ፔፕታይዱን ይቆራርጠዋል። ማሽኑ ግን ይህን አይናገርም፤ ዝቅ ያለ ቁጥር ያወጣል፣ ሐኪሙም የታማሚው ቁጥር መስሎት ያምነዋል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው ጣርማ በር ላይ ለሰዓታት ቢቆምና በረዶው ቢቀልጥ፣ ቱቦው ሲደርስ የሚለካው የመንገዱ ጉዳት ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሴረሙ ከተለየ በኋላ በቅዝቃዜ መንገድ ይችላል፤ እሱን ላኩ። ኤሲቲኤችን ግን አትላኩ።

የሁለት ዓመቱ ገደብ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ፒቱታሪ እጢን ኤሲቲኤች እንድታመነጭ የሚያዛት ከአንጎል የሚወርድ ንጥረ ነገር እንዳለ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1955 ተመራማሪዎቹ አንድሪው ሻሊ ሞንትሪያል፣ ሮጀር ጊይሜን ሂውስተን ሆነው አሳዩ። ሲአርኤፍ ተባለ። ከ1957 ጀምሮ ሁለቱ አንድ ላይ ለአምስት ዓመት ፈለጉት፤ አላገኙትም። የተገኘው በ1981 ነው፤ ዋይሊ ቬልና ባልደረቦቹ ግማሽ ሚሊዮን ከሚጠጋ የበግ ሃይፖታላመስ አጣርተው 41 አሚኖ አሲድ ያለው መሆኑን አወቁ። ሃይፖታላመስ ከአንጎል ግርጌ ያለች ትንሽ ቁራጭ ናት፤ ከአንድ በግ አንዲት ብቻ ትገኛለች። በግ የሚያረባ የወሎ ደጋ ሰው ይህ ስንት ገበያ እንደሚያራቁት ያውቃል። ከ1955 እስከ 1981 ሃያ ስድስት ዓመት ነው። በደሴው መመዘኛ ቢሆን ፋይሉ በ1957 ተዘግቶ ነበር።

ሌላም አለ፦ ሻሊ በ1966 ከቲአርኤች፣ ማለትም በፒቱታሪ በኩል ታይሮይድን ከሚያዝ የሃይፖታላመስ ሆርሞን፣ ውስጥ ሦስት አሚኖ አሲዶች አገኘ፤ ከክብደቱ 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ስለሸፈኑለት ቀሪው ሌላ ነገር ነው ብሎ ተሳሳተ። ሦስቱን አሚኖ አሲዶች ብቻ በመገጣጠም የተሠራውም አልሠራ አለ። ምክንያቱ አንደኛው ጫፍ ቀለበት ሠርቶ የተዘጋ፣ ሌላኛው አሚድ የሚባል የኬሚካል ቡድን የተጨመረበት መሆኑ ነበር። ይህ የታወቀው በ1969 ነው። ያ ስህተት ሪፖርት ሆኖ ለዚህ ኮሚቴ ቢቀርብ "ዕቅዱ አልተሳካም" ተብሎ ይታለፍ ነበር። ሥራው ግን በ1977 ለሻሊና ለጊይሜን የኖቤል ሽልማት አስገኘ።

ተመራማሪዋ ሱዛን ሊማንም ሲአርኤፍን ስትፈልግ ነው ያጣራችው ነገር አይጦቹን ምራቅ ሲያዝረበርባቸው ያስተዋለችው። የዕቅዷን ትታ ምራቁን ተከተለች። በ1931 ተገኝቶ ምንነቱ ሳይታወቅ የኖረው ሰብስታንስ ፒ ነበር፤ በ1971 ባለ 11 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ መሆኑን ከማይክል ቻንግ ጋር አሳየች። "በዕቅዱ የሰፈረው ብቻ" የሚል ደንብ እንዲህ ያለውን ሰው ያባርራል።

ቅንጦት ነው ላሉት፣ የወለደች እናት ደም እንዳይፈሳት ጭኗ ላይ የሚወጋው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ኒውሮፔፕታይድ ነው። ኬሚስቱ ቪንሰንት ዱ ቪኞ በ1953 በላብራቶሪ የሠራው ባለ ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ይደክማል። ባቲ ቆላ ላይ መብራት ጠፍቶ የሞቀ ጠርሙስ መልኩ አይለወጥም፤ ነርሷ ትወጋለች፣ ደሙ ግን አይቆምም። ጠርሙሱ ውስጥ ስንት ዩኒት እንደቀረ የሚለካ ሰው እዚሁ ወሎ ውስጥ ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ በሁለት ዓመት አይሠራም።

ስለዚህ ፍሪጁ ከነስታቢላይዘሩና ከነጄኔሬተሩ ይገዛ፣ ሙቀቱ ሲወጣ የሚጮህ አላርም ይኑረው። እያንዳንዱ ናሙና ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ፍሪጅ ይቀመጥ፤ ለቅዳሜና እሑድ ቁልፍ የሚይዝ ተረኛ ይመደብ። የሁለት ዓመቱ ገደብም በሚቀጥለው ስብሰባ ይሻር።