ይድረስ ለክቡር ቼክ ቁጥር 1047

ጉዳዩ፦ እንዲመነዘሩልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ያሉበትን በትክክል ስለማናውቅ ሰላምታችን ይድረስዎ አይድረስዎ እንጃ። በመጨረሻ የሰማነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በእድራችን ገንዘብ ያዥ የኮት ኪስ ተመቻችተው እንደተቀመጡ ነው። ጋሼን ስጠይቃቸው «አይዞህ፣ አልጠፋም፣ አለ» አሉኝ። መኖርዎንማ እኔም አውቃለሁ። ወር በመጣ ቁጥር ሂሳቤን ከባንኩ ጋር ሳስታርቅ ብቻዎን ተገትረው አገኝዎታለሁ።

የቤቴን ሂሳብ የምይዘው ግኑካሽ በሚባል የሂሳብ ሶፍትዌር ነው። የመዘገብኩዎት በተጻፉበት ቀን ነው፤ ገንዘቡ ከእጄ የወጣው ያኔ ነዋ! ከጎንዎ «ኤን» የምትል ፊደል አለች፤ ገና ነው ማለት ነው። ባንኩ ሲከፍልዎ ወደ «ሲ» አሳድግዎታለሁ። ስቴትመንቱ መጥቶ ሳመሳክር ደግሞ «ዋይ» ይሆናሉ። ከእርስዎ በኋላ የተጻፉት ሁሉ ማዕረጋቸውን ወስደዋል። እርስዎ እዚያው ኤን ላይ ነዎት።

ሶፍትዌሩ በዚህ አያኮርፍም። ምልክት ሳላደርግብዎ ባልፍ ከስቴትመንቱ ጋር ያለው ልዩነት ዜሮ ይመጣል፣ ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራሉ። የሚያጣላን የባንኩ አፕ ነው። የእርስዎን 250 ዶላር አሁንም የእኔ አድርጎ ያሳያል። ባለቤቴ ስልኳን ታወጣና «ይኸው፣ ገንዘብ አለን አይደል እንዴ?» ትላለች። አለ። ግን የእኛ አይደለም። ይህን በትዳር ውስጥ ማስረዳት ቀላል እንዳይመስልዎ።

ምክር የሚሰጡኝ አልጠፉም። ቀኑን ወደፊት ግፋው ይላሉ። የሴፕቴምበር መዋጮ የጃንዋሪ ወጪ ሊሆን? ይቅርብኝ። ሌሎች ደግሞ «ያልተመነዘሩ ቼኮች» የሚል የዕዳ ሂሳብ ክፈት ይላሉ። ቼኩ ሲጻፍ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል፣ ሲመነዘር ከባንኩ ተቀንሶ ዕዳው ይዘጋል። እውነት ለመናገር ዘዴው ያምራል፤ የሶፍትዌሩና የባንኩ ባላንስ ሁልጊዜ ይገጥማሉ። ብዙ ቼክ ለሚጽፍ ሰው ይሁን። ለአንድ የኮት ኪስ ወረቀት ግን የራሱን ሂሳብ ልከፍትለት? ንቀት አይሁንብኝና፣ ክብሩ በዛ።

ድሮ ቢሆን ሰበብ ነበረዎት። እዚህ አሜሪካ ቼክ ከባንክ ባንክ በአውሮፕላን ይጓጓዝ ነበር። ሴፕቴምበር 2001 በረራ ሲታገድ ቼኮች በየቦታው ተከምረው ቀሩ። ከዚያ «ቼክ 21» የተባለው ሕግ መጣ፤ ከኦክቶበር 2004 ጀምሮ ወረቀቱ ቀርቶ ምስሉ እንዲጓዝ መንገድ ከፈተ። ዛሬ ጋሼ በስልካቸው ፎቶ ቢያነሱዎ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በሰልስቱ ነገሩ ባለቀ ነበር። (እድሩ መዋጮውን በዜል፣ ማለትም ከባንክ ባንክ በስልክ ገንዘብ በሚላክበት አገልግሎት፣ ይቀበል ብለን በስብሰባ አንስተን ነበር። አጀንዳው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።)

ከመዝገቤ ልሰርዝዎት አስቤ ነበር። ግን እርስዎን ማን ያምናል? ስድስት ወር ካለፈዎ ባንኩ የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ ደስ ካለው ግን ሊከፍልዎ ይችላል! እኔ ሰርዤ እፎይ ስል፣ ኮቱ ላውንደሪ ሊገባ ሲል ተገኝተው ባዶ ሂሳቤ ላይ ቢወርዱስ? እንዳይከፈሉ ላሳግድ ብል ደግሞ ባንኮች 30 ዶላር አካባቢ ይጠይቃሉ። በጽሑፍ የሰጠሁት እገዳም ካላደስኩት አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ያበቃል። በገዛ ገንዘቤ እርስዎን ማስጠበቅ ጀመርኩ ማለት ነው።

ስለዚህ በትህትና እንጠይቃለን። ፎቶ ይነሱ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጋሼ ኮት፣
ለባንኩ አፕ፣
ዛሬ ጠዋት ለዚያው እድር ለተጻፈው ቼክ ቁጥር 1061።